ጦርነት በሥነ ምግባር ሚዛን ትክክል ሊሆን ይችላልን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጦርነት ፍትሐዊነት የሚነሡ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከሁለት አቅጣጫ ይመጣሉ፤ አንዱ የሃይማኖትና የኅሊና ጭንቀት ነው፣ ሌላው ደግሞ «እኛስ ያን ጊዜ ልክ ነበርን ወይ?» የሚል የታሪክ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁለቱንም ለመንካት ይሞክራሉ። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የተወሰዱበት ምክንያት አለው፤ ሰው የሌላውን ጦርነት ለመዳኘት አይቸገርም፣ የራሱን ሲመዝን ግን እጁ ይንቀጠቀጣል።

በአጭሩ፣ ጦርነት ትክክል ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ ነገር ግን እጅግ በጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነው። ያም ቢሆን ትክክል የሚሆነው ወደ ጦርነት የመግባት ውሳኔ እንጂ ጦርነቱ ራሱ መልካም ነገር ሆኖ አይደለም። ቤቱ በእሳት የተያያዘበት ሰው ልጁን ለማውጣት የጎረቤቱን አጥር ቢያፈርስ ማንም አይወቅሰውም፤ አጥር ማፍረስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎ ሥራ አይባልም፣ የፈረሰውንም መልሶ መሥራት አይቀርለትም።

ጉዳዩን ለመመርመር ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ወደ ጦርነቱ መግባት ይገባ ነበር ወይ?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «በጦርነቱ ውስጥ የተፈጸመው ሁሉ ይገባ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ለአንዱ «አዎ» ብሎ መመለስ የሌላውን መልስ አይወስንም። በአገራችን የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው፤ አንድ ሰው በጦርነት ጊዜ የተፈጸመን ግፍ ሲያነሣ «ታዲያ አገር ሲወረር ዝም ይባል?» የሚል መልስ ይሰጠዋል፤ እርሱ የጠየቀው ግን ያንን አልነበረም።

«አትግደል» የሚል ትእዛዝ እያለ አማኝ ሰው ጦርነትን እንዴት ሊደግፍ ይችላል?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከነበሩት የክርስትና መምህራን ብዙዎቹ ክርስቲያን የሰው ደም ማፍሰስ አይገባውም ይሉ ነበር። በኋላ በዛሬይቱ አልጄሪያ ምድር የተወለደው አውግስጢኖስ (እ.ኤ.አ. 354–430) ጦርነት የኃጢአት ውጤት ቢሆንም ንጹሑን ከግፈኛ ለመጠበቅ ሲባል የግድ ሊሆን እንደሚችል፣ ጻድቅ ሰው ግን በኀዘን እንጂ በደስታ እንደማይገባበት አስተማረ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኳይናስ ሐሳቡን አሰናድቶ፣ ጦርነቱን የሚያውጀው ሥልጣን ያለው አካል እንዲሆን፣ ምክንያቱ የተፈጸመ በደል እንዲሆን፣ ዓላማውም በቀል ሳይሆን ሰላም እንዲሆን ጠየቀ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የኦሪት ሕግ ለጦርነት ልጓም አበጅቶለታል። በዘዳግም ምዕራፍ 20 ወደ ከተማ የሚቀርብ ሠራዊት አስቀድሞ የሰላም ጥሪ እንዲያደርግ፣ ከበባውም ቢረዝም የፍሬ ዛፎችን በምሳር እንዳይቈርጥ ታዝዟል። በእስልምናም ቁርኣን የሚዋጉአችሁን ተዋጉ፣ ወሰን ግን አትለፉ ይላል፤ የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር ለዘማች ሠራዊት በሰጡት መመሪያም ሴትን፣ ሕፃንን፣ ሽማግሌን አትግደሉ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አትቍረጡ ማለታቸው ተመዝግቧል። ሁለቱም ስለ ዛፍ መናገራቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ዛፉ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ለሚኖሩት ሰዎች ምግብ ነው፤ ስለዚህ ትእዛዙ ተዋጊው ገና ጠላቱን እየገጠመ ሳለ ከጠላቱ ልጆች ጋር ስለሚኖርበት ዘመን እንዲያስብ ያስገድደዋል።

ጥርጥር የሌለበት የፍትሐዊ ጦርነት ምሳሌ አለ?

ለእኔ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣልያ ላይ ያደረገችው የመከላከል ጦርነት ነው። እንዲህ የምለው ኢትዮጵያዊ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም፤ ከጦርነቱ በፊት የተደረገው ሁሉ ስለሚመሰክር ነው።

ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ከኢጣልያም ጋር በ1920 ዓ.ም. የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርማ ነበር፤ ውሉም አለመግባባት ሲፈጠር በግልግል እንዲፈታ ያዝዛል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል ላይ ግጭት ሲነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን ይዘው ግልግል ጠየቁ። ኢጣልያ ግን በቅድሚያ ካሣና ይቅርታ ጠየቀች። ጉዳዩ ወደ ማኅበሩ መቀመጫ ወደ ጄኔቭ ሄዶ፣ የግልግል ኮሚሽኑ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. ሁለቱንም ወገን ጥፋተኛ ሳያደርግ ውሳኔ ሰጠ። ጠብ አጫሪ ተብሎ ላለመከሰስም የኢትዮጵያ ጦር ከወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ታዘዘ። ይህን ሁሉ ተሻግሮ የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ አልፎ ገባ።

ሊቃውንት «ጦርነት የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት» ሲሉ ብዙ ጊዜ ቃሉ ብቻ ይቀራል፤ እዚህ ላይ ግን ቃሉ ሥጋ ለብሶ ይታያል። ውል ተፈትኗል፣ ግልግል ተፈትኗል፣ የዓለም ሸንጎ ተፈትኗል፣ ወደ ኋላ ማፈግፈግም ተፈትኗል። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ወራሪ ናት ብሎ ማዕቀብ ቢጥልም ነዳጅን ከማዕቀቡ አስቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ የጦር መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ከዚህ በኋላ ለአንድ ገበሬ የቀረው ምርጫ መገዛት ወይም መዋጋት ነበር።

ምክንያቱ ትክክል የሆነለት ወገን የፈለገውን ማድረግ ይፈቀድለታል?

አይፈቀድለትም። ጠንከር አድርጌ የምናገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ዓላማ ያለው ሠራዊት ራሱን ለመግታት ከሌላው ይልቅ ይቸገራል።

የዐድዋን ዘመቻ እንውሰድ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ምሽግ ውስጥ በሻለቃ ጋሊያኖ የሚመራ የኢጣልያ ጦር ተከበበ። በእቴጌ ጣይቱ ዕቅድ የውኃው ምንጭ ተያዘ፤ በምሽጉ ያሉት በጥም ተጨነቁ። ዐፄ ምኒልክ ግን ጨርሰው ሊያጠፏቸው ሲችሉ ከነመሣሪያቸው ወጥተው እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ብዙዎች ይህን እንደ የዋህነት ይቈጥሩታል፣ ጋሊያኖም በኋላ ዐድዋ ላይ ተሰልፎ ሞቷል። እኔ ግን በዚያ ዘመቻ ውስጥ ከድሉ ቀጥሎ የምኮራበት ሥራ ይህ ነው።

በዚሁ ዘመቻ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። ከየካቲት 23 ድል በኋላ ለኢጣልያ ወግነው የተዋጉ፣ ቍጥራቸው 800 ያህል የሚደርስ ምርኮኛ አስካሪዎች (በኢጣልያ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የአካባቢው ተወላጅ ወታደሮች) ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። በዘመኑ የከዳተኛ ቅጣት ያ ነበር። የተቈረጡት ሰዎች የእኛው ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ የእኛው ዘመዶች ነበሩ፤ ነጮቹ ምርኮኞች ግን ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በኋላ በሰላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዐድዋ በሥነ ምግባር ትክክለኛ ጦርነት መሆኑን ከልቤ አምናለሁ፤ ያ ቅጣት ግን ትክክል አልነበረም። ሁለቱን አብሮ መናገር ድሉን አያሳንሰውም።

በወራሪው ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው ውል ሲፈረም ኢጣልያ ራሷ ፈርማ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ሸንጎ ፊት ቆመው የተናገሩት በአውሮፕላኖች ላይ ስለተገጠመ መርጫ ነው፤ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት አውሮፕላኖች ተከታትለው እየበረሩ ጋዙን እንደ ስስ ዝናብ ያርከፈክፉት ነበር። የሚወርደው በባዶ እግሩ በሚሄደው ወታደር ላይ፣ በሚጋጠው ሣር ላይ፣ ከብትና ሰው በሚጠጡት ውኃ ላይ ነበር። የውኃውና የሣሩ መመረዝ፣ ከላይ የጠቀስኋቸው ጥንታዊ ትእዛዛት ስለ ዛፍ ሲናገሩ የፈሩት ነገር ነው።

መሬቱ በእርግጥ የእኛ ከሆነ በጦር ኃይል ማስመለስ ትክክል አይደለም?

ይህ ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት (1990–1992 ዓ.ም.) ካበቃ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት ሁለት ገለልተኛ ኮሚሽኖች ተቋቋሙ፤ አንዱ ድንበሩን የሚወስን፣ ሌላው የካሣ ጥያቄዎችን የሚመረምር። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ባድመን በኤርትራ ወገን የሚያስቀር መስመር አሰመረ። የካሣ ኮሚሽኑ ደግሞ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመን በጦር በመያዟ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች አለ።

ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያነብ ሰው ነገሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስለዋል። አይጋጭም። ኤርትራ «መሬቱ የእኔ ስለሆነ ራሴን መከላከሌ ነው» ብላ ስትከራከር፣ ኮሚሽኑ የድንበር ክርክር በራስ መከላከል ስም በጦር ሊፈታ አይችልም፣ በጠረፍ ጠባቂዎች መካከል የሚደረግ አነስተኛ የተኩስ ልውውጥም የጦር ጥቃት ተብሎ ለሙሉ ወረራ ምክንያት ሊሆን አይችልም ሲል መለሰ። ሰው በመሬቱ ጉዳይ እውነት ይዞ በጦርነቱ ጉዳይ ግን ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ማሳው የእርሱ መሆኑን ሽማግሌ የፈረደለት ገበሬ እንኳ፣ ከፍርዱ በፊት የባላንጣውን ደም አፍስሶ ከሆነ በደሙ ይጠየቃል።

የካሣ ኮሚሽኑ በዚህ አላበቃም፤ በጦርነቱ ውስጥ ስለተፈጸመውም ሁለቱንም ወገኖች ተጠያቂ አድርጓል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በመቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤትና ሠፈር ላይ ክላስተር ቦምብ ተጥሎ ከ50 በላይ ሲቪሎች መሞታቸውን በሚመለከት፣ ኤርትራ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ ባለማድረጓ ተጠያቂ ሆነች። በኢትዮጵያ ጦር እጅ በነበረው አካባቢ ጥንታዊው የመጠራ ሐውልት በፈንጂ መጎዳቱን በሚመለከት ደግሞ ኢትዮጵያ ተጠያቂ ሆነች። ከወራሪው ላይ ራስን መከላከል ፍትሐዊ ነበር ብሎ የሚያምን ኢትዮጵያዊ፣ በመጠራ ስለተፈረደው ፍርድም ያለ ማመንታት ሊናገር ይገባዋል።

የሚገኘው ውጤት ከሚከፈለው ዋጋ ጋር እንዴት ይመዘናል?

ፈላስፎች ይህን «ተመጣጣኝነት» ይሉታል፤ ቃሉ የሂሳብ ስለሚመስል ያዘናጋል። በዚያው በባድመ ጦርነት ከሁለቱም ወገን በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ወጣቶች አልቀዋል። ቍጥሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መርዶ ማየት ሌላ ነው።

ባደግሁበት ሠፈር መርዶ የሚነገረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር። የሠፈር ሽማግሌዎችና የዕድር ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው፣ በአንድ ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። አንዲት ጎረቤታችን በዚያ ጊዜ ደጃፍ ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር ወጥታ ነጠላ ታይ ነበር፤ የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ሳይሆን ነጠላው እንዴት እንደተለበሰ ነበር የምታየው። መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። እርስዋ ወራቱን ሁሉ ስትጠብቅ ሰላም ሆኗል ተብሎ ሲዘፈን ሰምታለች።

በአማርኛ «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚል አባባል አለን፤ ለጦርነት ማማለያ ሆኖ ሲነገርም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለ ወንዝ ውኃ እውነት ነው፤ የደፈረሰው ይረጋል፣ ይጠራል። በጦርነት የሚሄደው ግን ተመልሶ አይረጋም። ስለዚህ ተመጣጣኝነትን የሚመዝን ሰው «ድሉ ለአገሪቱ ይጠቅማል ወይ?» ብቻ ሳይሆን፣ «ይህን ምክንያት ነጠላውን ዐይታ መርዶዋን ለተረዳችው እናት ፊት ለፊት ተቀምጬ ልነግራት እችላለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ሚዛኑ ይስተካከላል።

ሌላ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ጣልቃ መግባትስ?

እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ሲታረድ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በአገሪቱ የነበረውን 2,500 ያህል ሰላም አስከባሪ ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። ጭፍጨፋውን ያስቆመው የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር በውጊያ ማሸነፉ ነው። ስለዚህ «ጦርነት ፈጽሞ ትክክል አይሆንም» የሚል ሰው ለሩዋንዳ መልስ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ከዚያ አስቀድሞ የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን እ.ኤ.አ. በ1978 የታንዛንያን የካጌራ ግዛት ሲወር፣ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት የኔሬሬ ጦር ወራሪውን ከአገሩ ከማስወጣት አልፎ በሚያዝያ 1979 ካምፓላ ገባ፤ አሚንም ሸሸ። አንዳንድ የአፍሪካ መሪዎች ይህን የወሰን አለመደፈርን መርሕ መጣስ ነው ብለው ወቀሱ። እኔ ከወቃሾቹ ጋር አልቆምም፤ ነገር ግን ሥጋታቸው መሠረት እንዳለው እቀበላለሁ፤ «ሕዝብ ለማዳን» የሚለው ምክንያት ለኃያላን አገሮች ስንት ጊዜ ሽፋን እንደሆነ ዓለም አይቷል።

የእርስ በርስ ጦርነት ትክክለኛ ሊሆን ይችላል?

ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። ሥልጣን ያለው አካል ያውጀው የሚለው መስፈርት እዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ሁለቱም ወገን ሕጋዊው እኔ ነኝ ይላል፣ ሁለቱም ወገን ራሴን ተከላከልሁ ይላል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ለሁለት ዓመት ስለተደረገውና በፕሪቶሪያ ስምምነት ስለቆመው ጦርነት መነሻ የምንወዳቸው ሰዎች እንኳ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው አይስማሙም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም በጦርነቱ ውስጥ የተፈጸመው፣ ስለ መነሻው እስክንስማማ ድረስ መጠበቅ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ይፋ ባደረጉት የጋራ ምርመራ፣ ሁሉም ተፋላሚ ወገኖች ከባድ ጥሰት መፈጸማቸውን፣ አንዳንዱም የጦር ወንጀል ሊባል እንደሚችል አመልክተዋል። ሴትን መድፈር፣ ሲቪልን ማስራብ፣ እህል ማቃጠል «እነርሱ ጀመሩ» በሚል መልስ አይጸድቅም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ረኀብን እንደ ጦር መሣሪያ መጠቀምን በእርስ በርስ ጦርነትም ውስጥ ከልክለዋል።

ጦርነትን በማንኛውም ሁኔታ የማይቀበሉ ሰዎች የዋሆች ናቸው?

አይደሉም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ እጃቸው ላይ መሣሪያ አልነበረም፤ አርበኞቹን አወግዛለሁ እንዲሉ ሲጠየቁ እምቢ ማለታቸው ለወራሪው ከጠመንጃ ያላነሰ ራስ ምታት ሆኖበታል። በላይቤሪያም እ.ኤ.አ. በ2003 ነጭ የለበሱ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች በአንድነት ተሰልፈው፣ በአክራ የሚደራደሩት መሪዎች ሳይስማሙ እንዳይወጡ የአዳራሹን በር ዘግተው ተቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ «የመጨረሻ አማራጭ» የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው አማራጭ ጋር ይደባለቅ ነበር። የማልስማማው፣ እምቢታ ብቻውን ሁልጊዜ ይበቃል ሲሉ ነው፤ ከአውሮፕላን መርዝ የሚረጭ ሰው በር ላይ የተቀመጠችውን ሴት ፊት አያይም።

ወታደሩ ትእዛዝ ብቻ ከፈጸመ ተጠያቂ ይሆናል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት ውድቅ ከተደረጉት መከላከያዎች አንዱ «ታዝዤ ነው» የሚለው ነው። ወታደር ጦርነቱን የማወጅ ሥልጣን ስለሌለው በመሰለፉ ብቻ አይወቀስም፤ ምርኮኛን ወይም ሕፃንን በገዛ እጁ ከገደለ ግን ትእዛዙ አይሸሽገውም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የሚቀር ግዴታ አለ?

አለ፤ የተረሳውም የጥያቄው ክፍል ይህ ነው። በትክክለኛ ጦርነት ያሸነፈ ወገን እንኳ ምርኮኛን መመለስ፣ ጥፋተኛን ለፍርድ ማቅረብ፣ የተዘረፈን ማስመለስና የገዛ ወገኑን ጥፋት ማመን ይጠበቅበታል። ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ለኢትዮጵያ ይህ ዕዳ በወቅቱ አልተከፈለም። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 የወረራውን ጦር የመሩትን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ ዐሥር ኢጣልያውያን ለክስ የሚያበቃ መረጃ እንዳለባቸው ቢወስንም፣ በኢትዮጵያ ላይ ስለፈጸሙት ማንኛቸውም ችሎት አልቀረቡም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረደበት ከናዚ ጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ የ19 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። የአክሱም ሐውልት የመጀመሪያው ክፍል በአውሮፕላን አክሱም ያረፈው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው።